ባልዲው ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የደሴ ልጅ ነኝ። ባሌ ዛንዚባራዊ ነው። ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ ስንሠራ ተዋወቅን፣ ኒካህ አሰርን፣ ይኸው ዛንዚባር ከገባሁ አምስት ዓመቴ። የምንኖረው ከአማቴ ጋር ሚቼንዛኒ ነው። እንደ ባቡር የተዘረጉ ረጃጅም ፎቆች ናቸው። ሁለት መኝታ፣ ጠባብ ማድቤት፣ አንድ በረንዳ አለን። ባሌ የሚሠራው በደሴቱ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ስለሆነ አምስት ቀን እዚያው ያድራል፣ ሁለት ቀን ቤት ይመጣል። ስለዚህ ቤቱ የእኔና የአማቴ ነው። ማለቴ፣ የአማቴ ነው።

ክፉ ሰው አይደሉም። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አርባ ቀን ሙሉ ያጠቡኝ፣ ያሹኝ፣ ቁንዶ በርበሬ ያለበት ኡጂ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ማድቤቱን ግን አያስነኩኝም። ጠዋት ምቡዚያቸው ላይ ቁጭ ብለው ኮኮናት ሲፍቁ “ልርዳዎት” ስል መልሳቸው “አንቺ እረፊ” ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንጀራ ስጋግር አንዲት ዘመዳቸው አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። ልጄም አፉን ሲፈታ እንጀራን “ቻፓቲ ቻቹ” አለው። የኮመጠጠ ቻፓቲ ማለቱ ነው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የምጋግረው አማቴ ፔምባ ደሴት ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ወይም ሲተኙ ነው። ሊጡን ክዳን ባለው ባልዲ አልጋዬ ሥር አስቀምጣለሁ።

እርሾው የእናቴ ነው። ስመጣ ሊጥ ፌስታል ላይ አስጥታ፣ አድርቃና ፈጭታ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። አምስት ዓመት እያስቀረሁ አቆየሁት።

ባለፈው ሳምንት ከእርግዝና ክትትል ስመለስ (አምስተኛ ወሬ ነው) ባልዲው በረንዳ ላይ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። በሳሙና ታሽቶ ያበራል። አማቴ መኝታ ቤቱን ሲያጸዱ ሽታው መርቷቸው ነው። “ኪሜቻቻ” አሉኝ። ተበላሽቷል እኮ ማለታቸው ነው። ምንም አልመለስኩም። ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ለባሌ ስደውል “ዱቄት አይደል እንዴ፣ ሌላ እገዛልሻለሁ” አለኝ። አማቴ ለሰርጌ የሰጡኝ ካንጋ የሚባል የሴቶች ጨርቅ ላይ “ዌማ ሃዉኦዚ” ተብሎ ተጽፏል። ደግነት አይበሰብስም ማለት ነው። ያን ቀን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ደሴ ሄጄ ልውለድ እላለሁ። ባሌ “እናቴን ታዋርጃታለሽ” ይላል። እናቴ ደግሞ “አትንከራተቺ፣ እኔ መጥቼ አርስሻለሁ” ትላለች። ሁለት እናት በዚያ ጠባብ ማድቤት ይታይዎት! ምን ላድርግ?

ሊጧ የተደፋባት፣ ከዛንዚባር

*

አብሽሪ እህቴ። በእናንተ አገር አባባል ልጀምር ብዬ ነው።

ያ ባልዲ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ቆሽሾ ቢሆን፣ ተሰብሮ ቢሆን ይሻል ነበር። ታጥቦ ማብራቱ ነው አንጀት የሚበላው። አምስት ዓመት ያቆየሽውን የእናትሽን እጅ አንድ ሰው በቅን ልብ፣ በሳሙና ፍትግ አድርጎ አጠበው። ማንን ትቆጫለሽ? ሰውዬው ክፉ ቢሆን ትጮሂ ነበር። ደግ ሲሆን ነው በር ዘግቶ የሚያስለቅሰው። ባልሽ “ዱቄት” ያለው ክፋት ኖሮት አይመስለኝም። ከሩቅ ሆኖ ስልክ ላይ ለቅሶ የሰማ ወንድ የሚገዛ ነገር ፈልጎ ነው። ግን ዱቄት አይደለም። ይህን ማንም እንዲያስረዳሽ አያስፈልግሽም፣ ስታለቅሺ ታውቂው ነበር።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። “ይህ ሊጥ የእናቴ እርሾ ነው” ብለሽ ለአማትሽ የነገርሽበትን ቦታ። ነግረሻቸው ይሆን? ከሳቁ በፊትም ቢሆን፣ አንድም ቀን? ጥፋተኛ ላደርግሽ አይደለም የምጠይቅሽ። አዲስ ሙሽራ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲስቅባት ብትደብቅ ምን ይገርማል? እኔ በገዛ አገሬ፣ በገዛ ቋንቋዬ አማቴ ሽሮዬ ላይ ውሃ ሲጨምሩ እያየሁ ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ።

ግን እስቲ አንድ ጊዜ በእሳቸው ዓይን እንየው። መኝታ ቤት ያጸዳሉ። ይሸታቸዋል። ጎንበስ ሲሉ አልጋ ሥር የተከደነ ባልዲ አለ። ሲከፍቱት ግራጫ ነገር፣ ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ያቆረ፣ ፊኛ የሚያወጣ። አልጋ ሥር! ምግብ አልጋ ሥር ያድራል ብሎ ማን ያስባል? ነፍሰ ጡር ምራታቸው በምትተኛበት ክፍል የተረሳ፣ የሸተተ ነገር አገኙ። እኔም ብሆን እደፋው ነበር።

በዚያ ላይ የት እንዳለሽ አትርሺ። ደሴ ብርዱ ሊጡን ሦስት ቀን ያስጠብቃል። እዚያ ግን ሙቀቱና ወበቁ ማታ ያደረ ወጥ ጠዋት አያስቀምስም። አማትሽ ደግሞ ከዲሴምበር 2009 እስከ ማርች 2010 ሦስት ወር ገደማ የከተማው መብራት ሲጠፋ ቤት ሲያስተዳድሩ የነበሩ ሴት ይመስሉኛል። ከታንዛኒያ ዋና ምድር በባሕር ሥር የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር ተበላሽቶ ነበር። በ2008ም እንዲሁ አንድ ወር ያህል ጠፍቷል። ያን ጊዜ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነበር። እንዲህ ያለውን ያየች እናት የኮመጠጠ ነገር ሲሸታት እጇ ቀድሟት ይደፋል። ይህን የምልሽ ሐዘንሽን ላሳንስ አይደለም። የተደፋው ሊጥ እንጂ አንቺ እንዳልሆንሽ እንድታይው ነው።

የነገሩሽን ቃል ደግሞ ልብ በይው። “ኪሜቻቻ።” ልጅሽ እንጀራውን ምን አለው? “ቻቹ።” ሁለቱ አንድ ሥር ናቸው። በስዋሂሊ ቻቹ ኮምጣጣ ብቻ አይደለም፣ እርሾም ማለት ነው። አየሽ፣ ቃሉ ቤታችሁ ውስጥ አለ። አማትሽ ተበላሸ ያሉበት፣ ቤቱ የሳቀበት ቃል የእርሾ ስም ነው። እኔ ብሆን ወሬዬን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

ከዓመታት በፊት እዚያ ደሴት ላይ አንድ ቤት ጥቂት ቀን ተስተናግጃለሁና ምቡዚውን አይቼዋለሁ። ለማያውቁት አንባቢዎች ልንገር፦ ምቡዚ ቃሉ ሲተረጎም ፍየል ነው፣ ዕቃው ግን ዝቅ ያለች የእንጨት መቀመጫ ናት፣ ከፊቷ ጥርስ ያለው የብረት ምላስ ወጥቶላታል። ሴትየዋ ትቀመጥበታለች፣ የተገመሰውን ኮኮናት በሁለት እጇ ይዛ ብረቱ ላይ ታዞረዋለች። ነጩ እንደ በረዶ ሣህኑ ላይ ይረግፋል። ከዚያ በውሃ አሽቶ መጭመቅ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራሙ ወተት ለብቻው ይቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል ይገባል። ሁለተኛው ቀጭኑ ማብሰያ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በየቀኑ። ያስተናገደችኝ እመቤት እኔንም አላስነካችኝም። “እንግዳ” አለችኝ።

አማትሽ “አንቺ እረፊ” ሲሉሽ ምን ማለታቸው ይመስልሻል? አንቺ “ማድቤቴን አትንኪ” ብለሽ ሰምተሽዋል። ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። አምስት ዓመት እንግዳ መሆን ከስድብ አያንስም፣ ይገባኛል። ግን ደግሞ “ልርዳዎት” እና “ያስተምሩኝ” አንድ አይደሉም። የሚረዳ ሰው ሥራቸውን ይወስድባቸዋል። የሚማር ሰው ባለሙያ ያደርጋቸዋል። እስቲ ነገ ጠዋት “ማማ፣ እንዴት እንደሚፈቅ ያሳዩኝ፣ ልጄ ሲጠይቀኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ” በያቸው። ምቡዚው ላይ ተቀመጪ። መጀመሪያ ጣትሽን ትፍቂያለሽ፣ ይስቁብሻል። ይሳቁ።

ከዚያ ተራው የአንቺ ነው። ዛንዚባሮች “ምካቴ ዋ ኩሚሚና” የሚሉት ዳቦ አላቸው፣ በልተሽዋል መቼም። ሩዝ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በኮኮናት ወተት ይፈጫል፣ እርሾና ስኳር ሄልም ይገባበታል፣ ኩፍ እስኪል ይቀመጣል፣ ከዚያ ድስት ውስጥ ይንቆረቆራል። ኩሚሚና ማንቆርቆር ነው። እህቴ፣ ይህ ምንድን ነው? የሚቦካ፣ ፊኛ የሚያወጣ፣ የሚንቆረቆር ሊጥ! አማትሽ ሊጥ የማያውቁ ሴት አይደሉም። የአንቺን ሊጥ ነው የማያውቁት፣ ምክንያቱም አልጋ ሥር ነበር።

ስለዚህ ባልሽ በሌለበት፣ ሰው በሌለበት፣ ሻይ አፍልተሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። “ያ የደፉት ነገር ተበላሽቶ አልነበረም። ቻቹ ያ ማማ ያንጉ ነበር፣ የእናቴ እርሾ። ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ነው። ሳልነግርዎ መደበቄ የእኔ ጥፋት ነው። ግን አዝኛለሁ።” ይኸው ነው። “ለምን ደፉት” አትበያቸው። “ዘመድዎ ስቃብኝ ነበር” የሚለውንም ለዛሬ ተይው፣ ሌላ ቀን ይነሳል። ስትነግሪያቸው የሚደነግጡ ይመስለኛል። አርባ ቀን ያሸሽ እጅ የእናትሽን መታሰቢያ መድፋቱን ሲሰማ ዝም አይልም። ምንም ባይሉስ ትያለሽ። ምንም ባይሉም አንቺ ተናግረሻል። ዳግመኛ ሲደፋ ሳያውቁ ነው አይባልም።

ለባልሽ ደግሞ ሥራ ስጪው። ዱቄት ይግዛ፣ ይገባዋል። የማሽላ ዱቄት፣ “ኡንጋ ዋ ምታማ” የሚሉትን። ጤፉን ከእሱና ከትንሽ የሩዝ ዱቄት ጋር ብትደባልቂው ከሻንጣ የሚወጣው ጤፍ ይበረክትልሻል። ነገር ግን በእናንተ መሃል አስታራቂ አታድርጊው። “እናቴ እንዲህ አለች፣ ሚስቴ እንዲህ አለች” እያለ የሚመላለስ ወንድ ነገሩን ያሻግራል እንጂ አያበርድም። ከእሱ የምትፈልጊው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ “ቻፓቲ ቻቹ” ሲል አባትየው አይሳቅ። ይቁረስና ይብላ። ልጅ የሚበላው አባቱ ሲበላ ያየውን ነው።

ስለ ሊጡ፦ አልጋ ሥር መቼም አይመለስ። ማድቤት ውስጥ፣ ግልጽ በሆነ ማሰሮ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሁሉም እያየው። እርሾውን ከደሴው ልክ በግማሽ ቀንሺው። ማታ ካቦካሽው በማግስቱ ማታ ደርሶ ታገኚዋለሽ፣ ሦስት ቀን ካስቀመጥሽው እውነትም “ኪሜቻቻ” ነው። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቅጂለት። የተጋገረውን በወበቁ አታሳድሪ፣ በማግስቱ ይሻግታል። በርከት ካለ እየለያየሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ጥቂት ጋግሪ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን። አርብ አይሁን ብቻ። አርብ የፒላው፣ የቅመም ሩዙ ነው፣ ከፒላው ጋር አትፎካከሪ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ ደሴ ወይስ እዚያው?

እናት ቤት መውለድን የሚያህል የለም፣ ማንም አይፈርድብሽም። ባልሽ “ታዋርጃታለሽ” ማለቱ አልጣመኝም። ይህ የአንቺ ሰውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ባልዲው ባይደፋ ኖሮ ደሴ እሄዳለሁ ትይ ነበር? መልስሽ “አዎ፣ ድሮም አስቤው ነበር” ከሆነ ሂጂ፣ ቶሎም ወስኚ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ከ36 በኋላ አያሳፍሩም። አንቺ አምስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ፣ ጊዜው ጠባብ ነው። የመጀመሪያ ልጅሽ ከማን ጋር እንደሚሆን፣ ክትትልሽን ደሴ ላይ ማን እንደሚረከብ፣ ከጨቅላ ጋር መቼ እንደምትመለሺ አብረሽ አስቢ። መልስሽ “ባልዲውን ሳይ ነው” ከሆነ ግን ቲኬቱን ትንሽ አዘግዪው። ተናዶ የተቆረጠ ቲኬት መመለሻውን ያከብደዋል። ሄደሽ ስትመጪ ያው ማድቤት፣ ያው ዝምታ ይጠብቅሻል፣ አንድ ልጅ ተጨምሮበት።

እኔን ከጠየቅሽኝ እናትሽ ይምጡ እላለሁ። ሁለት እናት በአንድ ማድቤት ብለሽ ፈርተሻል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ማን ጠራቸው የሚለው ነው። አንቺ ከጠራሻቸው ለአማትሽ “እርስዎ አልበቁኝም” ማለት ሊመስል ይችላል። አማትሽ ከጠሯቸው ግን እንግዳቸው ናቸው። ከሻዩ ወሬ በኋላ፣ ነገሩ ሲለዝብ፣ በቪዲዮ አገናኛቸው። “ማማ፣ እናቴን ኑ ይበሉልኝ” በይ። በምን ቋንቋ ያወራሉ? ሰላምታው አንድ ነው፣ አልሐምዱሊላሁ አንድ ነው። ሻይ እዚያም ቻይ ነው፣ ቅርንፉዱም ካራፉ። ልጅሽ አያቱን በታላቅ ሰላምታ “ሺካሞ” ሲላቸው “ማራሃባ” ይበሉ፣ የወሎ ሰው ለመርሃባ አዲስ አይደለም። ሰዓቱስ! የእኛ ሰው እዚያ ደሴት ላይ ሲወርድ ሰዓት መቀየር አያስፈልገውም። ስዋሂሊዎች “ሳ ምቢሊ አሱቡሂ” ሲሉ ልክ እንደ እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው።

ማድቤቱን ግን ለዕድል አትተዪው፣ ቀድመሽ ክፈይው። ጠዋት የእናትሽ ነው፣ ገንፎ። ከሰዓት የአማትሽ፣ ኡጂውና የዓሣ ሾርባው። ኡጂ ማለት ያው አጥሚት ነው፣ እነሱ ቁንዶ በርበሬውን ያበዙታል እንጂ። ሁለቱም አራስ ይሙቃት ባዮች ናቸው። የሚጣሉ ከሆነ “የኔ ይበልጣል” ብለው ነው፣ በዚያ ጠብ መሃል የምትጠግቢው አንቺ ነሽ። እናትሽ ባልሽ ኑንግዊ በሚያድርባቸው ቀናት ከአንቺ ጋር ይተኛሉ። ለሁለቱ ቀን ደግሞ እዚያው ፎቅ ላይ አንድ ጎረቤት ክፍል ይጠየቅ፣ ከአሁኑ።

ለጉዞው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ግዴታ ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ እንግዳ የራሷን የጉዞ መድን ታስከፍላለች፣ 44 ዶላር። አየር ማረፊያ ደርሰው እንዳይደናገጡ ባልሽ ቀድሞ ይጨርስላቸው። ደጋ የለመዱ እናት ናቸውና ስለ ወባ ሐኪም ይጠይቁ፣ አጎበርም ይኑራቸው። ሻንጣቸው ውስጥ በርበሬው በደንብ የታሸገ ይሁን። እና ይህን እንዳትረሺ፦ ሊጥ እንደ አምስት ዓመቱ አስጥተው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው ያምጡ። አንቺ እጅ ላይ ያለቀው እርሾ እናትሽ ቤት አላለቀም። ማሰሮው ውስጥ ሲጨምሩት አማትሽ አጠገባቸው ይቁሙ።

ይህ ሁሉ ባይሠራስ? ተናግረሽ፣ ተምረሽ፣ ቀን ቆርጠሽ፣ አሁንም ባልዲሽ ከተደፋ ከባልሽ ጋር ስለ ሌላ ቤት ተነጋገሩ። እዚያው ሰፈር፣ አማትሽ በእግር የሚመጡበት ርቀት ላይ። ይህ ማዋረድ አይደለም፣ ብዙ አማትና ምራት በር ሲለያዩ ነው የተዋደዱት። ይህን ግን ከወሊዱ ሦስት ወር በኋላ አንሱት፣ አራስ ሆኖ ዕቃ አይጫንም። እስከዚያው ግን ለቅሶው ካልተወሽ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ለክትትል ስትሄጂ ለአዋላጇ ንገሪያት። ከደም ግፊቱ እኩል ልትሰማው የሚገባ ነገር ነው።

ካንጋውን ከሻንጣ አውጪው። ነገ ኮኮናት ስትፍቂ ወገብሽ ላይ እሰሪው፣ አማትሽ ያዩታል፣ ምንም ማለት አያስፈልግም። እናትሽ ሲመለሱም መቼም ካንጋ ሳያሸክሟቸው አይለቋቸውም፣ ያውም ጥንዱን። ጽሑፉን ቀድመሽ አንብቢላቸው አደራ። ሁሉም ካንጋ “ደግነት አይበሰብስም” አይልም። ለጎረቤት የተጻፈ ነገረኛ ካንጋም ሞልቷል፣ እናትሽ ያንን ለብሰው ደሴ ገበያ እንዳይወጡ።